ማሽኑ ምን በደለ?

ስለ ዘፈናችን ይዞታ ወሬ በተነሣ ቁጥር የማይቀር አንድ ፍርድ አለ። «ሙዚቃችንን ማሽን ገደለው» ይባላል። በየመጠጥ ቤቱ ይባላል፤ በየሬዲዮው ቃለ ምልልስ ይባላል፤ የድሮ ሸክላ በተከፈተ ቁጥር ከረጅም ትንፋሽ ጋር ይባላል። ተከሳሹ ሲንተሳይዘር ነው። ግብረ አበሮቹ ደግሞ ድራም ማሽንና ሲኩዌንሰር ናቸው። ምስክር ሞልቷል፤ ጠበቃ ግን የለም። እስካሁንም ተከሳሹን «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው? ማንስ አዝዞህ ነው?» ብሎ የጠየቀው ዳኛ አልተገኘም። ይህች ጽሑፍ ያን ጥያቄ ለመጠየቅ የተነሣች ናት። መልሱ ሲሰማ ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ ይገኛል የሚል እምነት አለኝ።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ክሱ ከሜዳ ተነሣ አልልም። ከክብር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራዎች የነሐስ መሣሪያ ወደ ሆቴል ባንዶች፣ ከሆቴል ባንዶች ደግሞ ወደ አንድ ኪቦርድና ወደ አንድ ድምፃዊ የወረድንበትን ቁልቁለት ያየ ሰው ቢቆጭ አይፈረድበትም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ፍጥነት የሚገሰግስ ዘፈን፣ ካሴቱን ሙሉ የማይለወጥ የከበሮ ድምፅ፣ ዘፋኙ ሲያዝንም ሲፈነድቅም ያው የሆነ አጀብ ጠግበናል። ሕመሙ አለ። ጠቡ በሕመሙ ላይ ሳይሆን በመድኃኒት አዋቂው ምርመራ ላይ ነው።

በማሽኑ ላይ የሚቀርበው ክስ ሲጠቃለል ሦስት ነው። አንደኛ፣ ማሽን አንድ ፍጥነት ብቻ ነው የሚያውቀው ይባላል። ሁለተኛ፣ ማሽን የፈረንጅ አራት በአራት እንጂ የእኛን ችክችካ አያውቅም ይባላል። ሦስተኛ፣ ማሽን አይሰማም፤ ሰው ሰውን እየሰማ እንደሚጫወተው አይደለም ይባላል። ሦስቱም በልበ ሙሉነት ይነገራሉ። ሦስቱም ስሕተት ናቸው። ስሕተትነታቸውን ለማየት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማሽኖቹ እርስ በርሳቸው ጊዜ የሚጠባበቁበትን ሚዲ የሚባለውን ቋንቋ ማወቅ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ቋንቋ ይናገር ነበር። የሮላንድ ድራም ማሽን አንዱን ምት ለ24 ከፍሎ ይቆጥራል፤ የሊን 48 ቦታ፤ የኦበርሃይም 96 ቦታ። በ48 የሚቆጥረው መሪ፣ በ24 የሚቆጥረው ተከታይ በሆነ ጊዜ ተከታዩ በእጥፍ ፍጥነት ይጋልባል። ሙዚቀኛው ወይ በመካከል አስተርጓሚ ሳጥን ይገዛል፤ ወይ የአንድ ፋብሪካ ምርኮኛ ሆኖ ይኖራል።

በ1981 የሴኩዌንሽያል ሰርኪትስ ኩባንያ መሥራች አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ ከባልደረባው ከቼት ዉድ ጋር ሆኖ የጋራ ቋንቋ ያስፈልገናል የሚል ጽሑፍ ለድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር ጉባኤ አቀረበ። የጃፓኑ የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺም የዚሁ ሐሳብ ደጋፊ ነበር። በጥር 1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ትርኢት ላይ የስሚዝ ፕሮፌት 600 ከሮላንድ ጁፒተር 6 ጋር በገመድ ተያይዞ ቀረበ። የአንዱ ቁልፍ ሲነካ ሌላው ድምፅ ሰጠ። ገበያ ላይ አንገት ለአንገት የሚተናነቁ ነጋዴዎች ቋንቋውን ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ስሚዝና ካኬሃሺ በ2013 ለዚህ ሥራቸው ቴክኒካል ግራሚ ተሸለሙ፤ ካኬሃሺ በ2017፣ ስሚዝ በ2022 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት እኛ ስንተርት እነሱ ሠሩበት።

በዚያ ባለ አምስት እግር ሶኬት ገመድ ውስጥ የሚሄደው ድምፅ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። «ይህን ቁልፍ ተጫን፤ በዚህ ኃይል ተጫን፤ አሁን ልቀቅ» የሚል ትእዛዝ። ገመዱ በሰከንድ 31,250 ቢት ያሳልፋል፤ አንዲት የ«ተጫን» ትእዛዝ ለመድረስ ወደ አንድ ሺኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። በአንድ ገመድ 16 መስመሮች ይሄዳሉ፤ ባሱ በአንዱ፣ ክራሩን የሚተካው በሌላው፣ ከበሮው በሦስተኛው። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ማንንም ሳይለይ ለሁሉም የሚደርስ አንድ መልእክት አለ፤ ሰዓቱ። መሪው ማሽን በእያንዳንዱ ምት ውስጥ 24 ትርታ ይልካል። ትርታዋ ቅድሚያ አላት። ሌላ ትእዛዝ በመንገድ ላይ ቢሆን እንኳ እንደ አምቡላንስ በመካከል ገብታ ታልፋለች። ከእርሷ ጋር የሚላኩት «ጀምር»፣ «ቁም» እና «ካቆምክበት ቀጥል» የሚሉት ብቻ ናቸው። ዘፈኑን ከመካከሉ ማንሣት ቢያስፈልግ የስንተኛው ቦታ እንደሆነ የሚናገር ቁጥር ይጨመራል። ሁሉም ነገር ይኸው ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክስ እንመለስ። ማሽን አንድ ፍጥነት ብቻ ያውቃል ተብሏል። ከላይ የዘረዘርኩትን የሰዓት መልእክት አንባቢ መልሶ ይመልከተው። በውስጡ ስለ ፍጥነት የሚናገር አንድም ቁጥር የለም። «በ120 ሂድ» የሚል ቃል የለበትም። ያለው «ትር… ትር… ትር…» ብቻ ነው። ትርታዎቹ ሲቀራረቡ ተከታዩ ይፈጥናል፤ ሲራራቁ ያዘግማል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን ትርታዎቹ በሰከንድ 48 ይሆናሉ። መሪው እጁን ወደ ፍጥነት መቆጣጠሪያው ሰዶ ቀስ እያለ ቢያዞረው ሦስቱም፣ አምስቱም፣ አሥሩም ማሽኖች አብረውት ይነሣሉ። ማሽኑ መፍጠን አይችልም ማለት ቀርቶ፣ ከመሪው ጋር ከመፍጠን በስተቀር ሌላ ምርጫ የለውም።

ይህን ነገር እኛ ከማንም በፊት ልንረዳው ይገባን ነበር። ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ዝማሜው በመቋሚያ በዝግታ ይጀመራል፤ ጸናጽሉ ይከተላል፤ ከበሮው በመረግድ ይገባል፤ እየጋለ፣ እየፈጠነ ሄዶ በጽፋት ጭብጨባው ይቀልጣል። በግራና በቀኝ የቆመው ሁሉ አንድ ላይ የሚፈጥነው በየራሱ ሰዓት ስለሚቆጥር አይደለም፤ ጊዜ የሚሰጠውን ስለሚያይና ስለሚሰማ ነው። የሠርግ ጭፈራችንም እንዲሁ ነው፤ አውጪዋ ስታነሣ ተቀባዩ ይነሣል። ታዲያ በባህላችን ውስጥ ፍጥነት እየጨመረ የሚሄድ ነገር ሆኖ ሳለ፣ አንዱን ቁጥር ጽፎ፣ «ጀምር» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ እጁን ወደ መቆጣጠሪያው የማይመልሰው ማነው? ማሽኑ ነው? መቆጣጠሪያው እኮ እዚያው ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

ሁለተኛው ክስ የአራት በአራት ክስ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ከመጀመሪያውም ይብሳል። የሚዲ ሰዓት አራት በአራት አያውቅም። ስድስት በስምንትም አያውቅም። አንዱ ቤት የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይነግርም፤ የሚያውቀው ትርታ መቁጠር ብቻ ነው። አራት በአራት የሆነ ቤት 96 ትርታ ይፈጃል። ስድስት በስምንት የሆነው ችክችካ 72 ይፈጃል። በአምስት የሚቆጠረው የትግርኛ ስልት በስምንተኛ ሲለካ 60 ይሆናል። 24 ራሱ ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአራትም፣ ለስድስትም ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ስለዚህም የችክችካው ሦስትዮሽና የዲስኮው ሁለትዮሽ ለእርሱ እኩል ቀላል ናቸው። ፈረንጅኛ የሚናገረው ሰዓቱ ሳይሆን ፋብሪካው በማሽኑ ውስጥ ሞልቶ የላከው የከበሮ ናሙና ነው። «ሮክ 1»፣ «ሮክ 2»፣ «ቦሳ ኖቫ»። ጃፓን ያለ መሐንዲስ ችክችካን እንዴት ያውቀዋል? የማወቅ ግዴታስ ነበረበት? ባዶ የተተወልን ቦታ ነበር፤ የራሳችንን ምት እንድንጽፍበት። እዚያ ቦታ ላይ ያልጻፍን እኛ ነን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

ሦስተኛው ክስ፣ ማሽን አይሰማም የሚለው፣ ከሦስቱ የባሰው ስሕተት ነው። ማሽን ከመስማት በቀር ሥራ የለውም። ነገር ግን ማንን እንደሚሰማ ሰው ሊነግረው ይገባል። እያንዳንዱ ድራም ማሽንና ሲኩዌንሰር አንድ ምርጫ አለው፤ በውስጥ ሰዓቱ ይሂድ ወይስ በውጭ ሰዓት? መሪው በውስጥ ሰዓቱ ይሄዳል፤ የቀሩት ሁሉ በውጭ ሰዓት እንዲሄዱ ይደረጋሉ። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሥራው ሳይሠራ ሲቀር በመድረክ ላይ ምን እንደሚሆን ሁላችንም ሰምተናል። ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ ሁለቱም በ100 ተሞልተዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ቤቶች አብረው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ባሱ ከከበሮው ጥቂት ይቀድማል፤ ቀስ በቀስ ይርቃል፤ በሦስተኛው ደቂቃ ዘፋኙ የትኛውን መከተል እንዳለበት ጠፍቶት ይንተባተባል። ሁለት የእጅ ሰዓት ዛሬ አንድ ላይ ተሞልቶ በወሩ እንደሚለያይ ሁሉ፣ የየራሱን ሰዓት የሚከተል ማሽንም ይለያያል። ተመልካቹ «ማሽን አይሰማማም» ብሎ ይወጣል። ማሽኖቹ ግን እንዲስማሙ የጠየቃቸው አልነበረም።

ከዚህም የከፋ አለ። ሁለት መሪ ማድረግ። የሁለት ማሽኖች ሰዓት ተቀላቅሎ ወደ አንድ ተከታይ ከገባ ተከታዩ በአንድ ምት 24 ሳይሆን 48 ትርታ ይቆጥራል፤ በእጥፍ ይጋልባል ወይም እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ሁለት ገመድ በአንድ ሶኬት ላይ በብየዳ አገናኝቶ «አቀላቅያለሁ» ማለትም አይሠራም፤ ሁለት ሰው በአንድ ስልክ ላይ በአንድ ጊዜ ቢጮህ የሚሰማው ጫጫታ እንደሆነ ሁሉ፣ ትእዛዞቹ ይጋጩና ይጠፋሉ። መልእክቶቹን አሰልፎ የሚያስገባ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሕጉ ግን ከመሣሪያው በፊት ነው፤ በአንድ መድረክ ላይ ጊዜ የሚሰጥ አንድ ብቻ ይሁን።

ስለ ገመዱ አሰላለፍም የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። ማሽኖቹ አንዱ ከሌላው እየተቀጠሉ እንደ ባቡር ፉርጎ ሲደረደሩ የመጨረሻው «ዘግይቶ ይሰማል» ይባላል። በእያንዳንዱ ማሳለፊያ ቀዳዳ የሚባክነው ጊዜ በሚሊዮንኛ ሰከንድ የሚቆጠር ስለሆነ ማንም ጆሮ አይሰማውም። የሚበላሸው የምልክቱ ቅርጽ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንደተሻሸ ደብዳቤ ጫፍ ጫፉ ይደበዝዛል፤ ሰልፉ ሲረዝም ተቀባዩ ፊደሉን ይስታል። ስለዚህ ብልሁ ሰው ከመሪው የወጣውን ገመድ በአንድ ማከፋፈያ ሳጥን በኩል ለሁሉም በየራሱ መስመር ያድላል፤ ገመዱንም ከ15 ሜትር አያስረዝምም። እውነተኛው መዘግየት ሌላ ቦታ ነው። አሥር ድምፅ በአንድ ጊዜ በአንድ ገመድ ቢታዘዝ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ወደ 9 ሺኛ ሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ አሮጌ ማሽን ደግሞ ትእዛዙን ተቀብሎ ድምፅ እስኪሰጥ የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ይህን የሚያውቅ አቀናባሪ ከበሮውን ቀድሞ ይልካል፤ ሥራ የበዛበትን መስመር ለሁለት ገመድ ያካፍላል፤ ፈጣኑን ጥቂት አዘግይቶ ከቀርፋፋው ጋር ያስታርቃል። የማያውቀው ደግሞ «ማሽኑ ነፍስ የለውም» ይላል።

ነፍስ ካልን አይቀር ስለ ነፍስ እናውራ። ዘፈንን ጨዋታ የሚያደርጋት በምቶች መካከል ያለች ትንሽ መዘግየት ናት፤ ፈረንጆች ስዊንግ ይሏታል። የሚዲ ሰዓት ይህችን ነገር አይሸከምም። ትርታዎቹ እኩል እኩል ናቸው፤ በመካከላቸው ከበሮው የት ላይ እንደሚያርፍ እያንዳንዱ ማሽን በራሱ ይወስናል። ድራም ማሽኑ ሁለተኛውን ምት እንዲያዘገይ ተሞልቶ፣ ባሱን የሚጫወተው ሲኩዌንሰር ግን ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ቢተው፣ ሰዓታቸው አንድ ሆኖ ሳለ ጨዋታቸው ይጋጫል። ይህን የሚያስተካክል ገመድ የለም። የሚያስተካክለው ጆሮ ነው። እንግዲህ ማሽኑ ለሰው ምን እንደተወለት ተመልከቱ፤ ቆጠራውን ለራሱ ወሰደ፣ ጣዕሙን ለእኛ ተወ። ጣዕሙን ሳንሞላ ቆጠራውን ብቻ ሰምተን ማሽኑን ጣዕም የለሽ አልነው።

ለዚህ ምስክር ብጠራ አላጣም። በ1977 ጆርጆ ሞሮደርና ፒት ቤሎት ከዶና ሰመር ጋር ሙኒክ ውስጥ «አይ ፊል ላቭ» የተባለውን ዘፈን ሲሠሩ የሞግ ሲንተሳይዘሩ ጊዜውን የሚወስደው በቴፕ ላይ ከተቀረጸ ምት ነበር። ሚዲ ገና አልተፈጠረም። ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር የማሽን ሥራ ነበር። የእግር ከበሮው ግን የማሽኑ ድምፅ አቅም አንሶት ስለነበር ኪት ፎርሲ የተባለ ሰው ተቀምጦ በእግሩ መታው። ዓለምን ያስጨፈረው ሥራ ማሽንና ሰው በአንድ ሰዓት የተያያዙበት ሥራ ነው እንጂ አንዱ ሌላውን ያባረረበት አይደለም።

የዲትሮይቱን ጄይ ዲላንም እንጥራ። በ2006 በወጣትነቱ የሞተው ይህ አቀናባሪ ኤምፒሲ 3000 በተባለ ማሽን ላይ ከበሮውን በጣቱ እየመታ ሲቀርጽ፣ «ምቱን አስተካክልልኝ» የሚለውን የማሽኑን አገልግሎት ብዙ ጊዜ ያጠፋው ነበር። ከበሮው ይንሸራተታል፤ ይጎተታል፤ ግን አይወድቅም። ብዙ ድራመሮች ከዚያ ወዲህ ያንን መንሸራተት በእጃቸው ለመጫወት ለዓመታት ተለማመዱ። ሰው ከማሽን ተማረ ማለት ነው፤ ማሽኑ ያስተማረው ግን የአንድ ሰው ጣት ነበር። ያ ኤምፒሲ አሁን የሚገኘው ዋሽንግተን ውስጥ በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ዛሬ ማሽን ገደለን የሚል ወገናችን በዚያ ከተማ ሞልቷል፤ ጎራ ብሎ ቢያየው ሩቅ አይደለም።

የሩቅ ሰው ምስክርነት አይበቃም የሚል ካለ የራሳችንን ሰው እንጥራ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ፣ በ1985 አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አድርጎ ሁሉንም ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት ቀረጸ። ባንድ አልነበረውም፤ ማሽን ነበረው። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አገኘ፤ ሰውየውንም ወደ መድረክ መለሰው። ማሽን ገዳይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ በሕፃንነቱ በሞተ ነበር። አልሞተም። ምክንያቱም በከበሮው ማሽን ላይ የተቀመጠው የአኮርዲዮን ትንፋሽ የሰው ነው፤ ጊዜው የሰው ባሪያ እንጂ ጌታ አልነበረም።

«ይሁን እንጂ ድራመሩ ሥራውን አጥቷል፤ ይህንስ ምን ትላለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ አጥቷል። ግን ማን አሰናበተው? ማሽን የቅጥር ውል አይፈርምም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ የማታውን ከተማ ለዓመታት ሲያንቀው፣ ሙዚቀኛው በየአገሩ ሲበተን፣ ባንድ ማቆየት እየከበደ ሄደ። ከዚያም የቤቱ ባለቤት ለስድስት ሰው የሚከፍለውን ለሁለት ሰው ከፍሎ መገላገል እንደሚችል አወቀ፤ ካሴት አሳታሚውም እንዲሁ። ኪቦርዱ የተመረጠው የተሻለ ስለሚጫወት ሳይሆን እራት ስለማይበላ ነው። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የገንዘብን ጉዳይ በገንዘብ ቋንቋ እንነጋገርበት። ስለ ሙዚቀኛ ክፍያ፣ ስለ ውል፣ ስለ ቅጂ መብት እንጩህ። ከፋዩን መናገር ፈርተን ፕላስቲክ ሳጥን ላይ ስንፎክር መኖራችን ግን ለድራመሩ አንድ ብር አላስገኘለትም።

ይህን ስል የኪቦርድ ተጫዋቾች ጠበቃ መስዬ እንዳልታይ። የእነሱ ጥፋት ከከሳሾቻቸው ያንሳል ብዬ አላምንም። «ማሽኑ አይፈቅድም» የሚሉት እነሱ ናቸው። «ማፍጠን አይቻልም፤ ተሞልቷል።» «ስድስት በስምንት የለውም።» «ከሌላው ጋር አይገጥምም።» ይህን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ ከካርቶኑ አላወጣውም። ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ የመሣሪያውን ጭራ በራሱ ይወጥራል፤ ሲላላ ያውቃል፤ ሲበጠስ ይተካል። በሺህ ብር የሚቆጠር ኪቦርድ የገዛ ሰው ግን የውስጥ ሰዓትና የውጭ ሰዓት የሚለውን ምርጫ የት እንደሚያገኘው ሳያውቅ ዓመት ይከርማል። አዝማሪውን «ያልተማረ» የሚለው ደግሞ ይኸው ሰው ነው።

የዘመኑ ወጣት አቀናባሪ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። «ይህ ሁሉ የገመድ ወሬ አርጅቷል፤ አሁን ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ነው» ይላል። አርጅቷል ያለው ቋንቋ ግን በኮምፒውተሩም ውስጥ የሚነገረው እርሱ ነው። በ2020 ሁለተኛው ሚዲ ቢወጣም የ1983ቱ ሚዲ ከሥራ አልወጣም። የኮምፒውተሩ ፈተና እንዲያውም ከድራም ማሽኑ የባሰ ነው። ብዙዎቹ የሙዚቃ ፕሮግራሞች አዲስ ሥራ ሲከፈትባቸው በ120 ፍጥነትና በአራት በአራት ተዘጋጅተው፣ መስኮታቸውን በእኩል መስመር ከፋፍለው ይጠብቁናል። ያ ቁጥር ትእዛዝ አይደለም፤ የፋብሪካ ሰላምታ ነው። ስንቱ ዘፈን ግን ሰላምታውን እንደ ትእዛዝ ተቀብሎ ተሠራ! ምቱ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ ሲል ጠቅ ተደርጎ ወደ መስመሩ ይመለሳል፤ አንድ ከበሮ መቺ በሃያ ዓመት ያዳበረው መዘግየት እንደ ስሕተት ይታረማል። አስተካካዩ ማነው? ጠቅ ያደረገው እጅ የማነው?

እንግዲህ ምን ይደረግ? መሪነቱን ለሰው እንመልስ። ይህ ምኞት አይደለም፤ ቀድሞም የተሠራበት ነገር ነው። የድራመሩን ምት እየሰሙ ከእርሱ የሚዲ ሰዓት የሚያወጡ መሣሪያዎች ከ1980ዎቹ ጀምሮ አሉ። እነዚህ ባይገኙ እንኳ በእግር ወይም በጣት መታ መታ እያደረጉ ፍጥነት የሚሰጡበት ቁልፍ በብዙ ማሽን ላይ አለ። ድራመሩን በአምስት ማሽኖች ፊት አስቀምጡት፤ እርሱ ይምራ፤ ማሽኖቹ ይከተሉት። ዘፋኙ ሲጋል ድራመሩ ይጋላል፤ ድራመሩ ሲጋል ሲኩዌንሰሩ ይጋላል። ያን ጊዜ ማሽኑ የባንዱ ጠላት መሆኑ ቀርቶ የባንዱ ቁጥር ይሆናል። ከበሮ መቺ የሌለው ቢሆን ከመሪው ማሽን አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው ይኑር፤ ሥራው ፍጥነቱን እንደ መሪጌታ መያዝ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው ጉዳይ ትምህርት ነው። ኖታ የሚያስተምር የሙዚቃ ትምህርት ቤት ይህን ቋንቋም ያስተምር። ከኖታ አይከብድም። አንድ መሪ፤ ሌላው ሁሉ በውጭ ሰዓት፤ ለየመሣሪያው የራሱ መስመር፤ ረጅም ሰልፍ ሳይሆን ማከፋፈያ፤ ከ«ጀምር» በፊት ሁሉም ተዘጋጅቶ መቆም። ከሰዓት በኋላ ባለው አንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ነገር ነው። ከዚያ የሚቀረው ዕድሜ ልክ የሚፈጀው ነው፤ የራሳችንን ምት በማሽኑ ባዶ ቦታ ላይ መጻፍ። የጉራጌው፣ የወሎው፣ የጎንደሩ፣ የሐረሩ ምት በከበሮ ብቻ ሲሰማ አንዱ ከሌላው በጆሮ ይለያል፤ በማሽን ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ተደባልቆ አንድ ይሆናል። ልዩነቱ የጠፋው የሚጽፈው ሰው ስላልለየው ነው።

ማሽኑ ጥፋተኛ ነው የሚለው ፍርድ የሚወደደው ስለሚያሳርፍ ነው። ከሳሹን ከመማር ያሳርፈዋል፤ ተጫዋቹን ከመለማመድ ያሳርፈዋል፤ ከፋዩን ከመክፈል ያሳርፈዋል። ሁሉም እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሳጥኑም ይግባኝ አይጠይቅም። እኔ ግን ሳጥኑን በነጻ አሰናብቼዋለሁ። በአንድ ምት 24 ጊዜ «ልከተል? ልከተል?» እያለ የሚጠይቅ አገልጋይ፣ የሚመራው ጠፍቶ በአንድ ቦታ ሲረግጥ ቢገኝ፣ መጠየቅ ያለበት መሪው ነው።